ባለ አንድ ዓይኗ ልጅ

ወሬውን የሰማሁት እንደ ምሥራች ነው። እሑድ ቅዳሴ አልቆ ለጸበል ጸዲቁ ወደ ታችኛው አዳራሽ ስወርድ፣ የሕፃናቱ አስተማሪ ደረጃው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«አንቺዬ፣ ትናንት አመለጠሽ! የአሮጊትሽ ጋራዥ ሴል ጉድ ነበር እኮ። ግማሹ ምእመን እዚያ ነው የዋለው። እኔ ድስት ብል፣ መጥበሻ ብል... ለልጆቹ ደግሞ ምን እንዳገኘሁላቸው ልንገርሽ? ሙሉ ሳጥን የእንጨት መጫወቻ!»

«የምን የእንጨት መጫወቻ?»

«እየደረደሩ ቤት የሚሠሩበት ነዋ። የድሮ ነው፣ ክብደቱን ብታዪው! አንዳንዱማ ሥዕል ሁሉ ተቀርጾበታል።»

እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምነው? በባዶ ሆድሽ ቆመሽ ነው፤ ነይ ቶሎ ቅመሺ» አለችኝ ክንዴን ይዛ።

የራበኝ አልነበረም። በዚያ ቤት ሥዕል የተቀረጸበት እንጨት አንድ ብቻ እንደነበረ አውቃለሁ፤ እሱም አራት ቦታ የተከፈለ ነው፣ መጫወቻም አይደለም። የቤቱ ባለቤት ሰማንያን ያለፉ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሴት ናቸው። ያን ቅዳሜ ዕቃቸው ጋራዡ ደጅ ተዘርግቶ ሲሸጥ፣ እሳቸው ቤታቸውን ለቀው አረጋውያን ወደሚጦሩበት ሎጅ ገብተው ነበር። አዲሱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከውሃም ከሻይም በፊት የጠየቁኝ ያንን እንጨት ነው። እኔም «ሰኞ አመጣልዎታለሁ» ብያቸው ነበር።

ለምን እንደጠየቁኝ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባሁ ብዙም ሳልቆይ ያገኘሁት ሥራ ሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንን መርዳት ነው። ሆም ኬር ይሉታል። መጀመሪያ የተሰጡኝ እኒህ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከወንዙ በስተ ሰሜን ዳገቱ ላይ ነው፤ እኔ ከምኖርበት ከኖርዝኢስት በከተማው ባቡር በሲ-ትሬን መጥቼ፣ ዳውንታውን አውቶቡስ ይዤ፣ የቀረውን በእግሬ እወጣዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን «በስሜ ጥሪኝ» አሉኝ። እናቴን በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ስም ከአፌ አልወጣ አለ።

«እንግዲያ ምን ልትዪኝ ነው?»

«እትዬ ልበልዎት?»

«ምን ማለት ነው?»

«ለታላቅ እህት የሚባል ነው። ለአክብሮት።»

«በዚህ ዕድሜዬ እህት ብሎ የጠራኝ ሰው የለም» ብለው ሳቁ። «በይ ተቀብያለሁ።» ከዚያ ወዲያ ለወንድማቸው ልጅ ስልክ ሲደውሉ ሳይቀር «እትዬ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ልጁ አእምሯቸው መዛባት የጀመረ መስሎት እኔን ለብቻዬ ጠይቆኝ ነበር።

ዓይናቸው ያን ጊዜ ጨርሶ አልጠፋም። ከመሃል ነው የጀመራቸው፤ ሰው ፊት ለፊት ሲያዩ ፊቱ ይሰወርባቸውና ጆሮውና ትከሻው ብቻ ይታያቸዋል። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ምሳ እሠራለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ፣ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። በጾም ቀን የራሴን ምሳ ይዤ ስመጣ «ዛሬ ደግሞ ምን ከለከሉሽ?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጥሩ ሰው ናቸው።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው በላይ፣ በመስተዋት የተሸፈነ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ከመጽሐፍ የወጣ ገጽ ነው፤ በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ። አንዲት ሰባት ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ መስኮት አጠገብ በርጩማ ላይ ቆማለች። በብብቷ ዝይ ይዛለች። አንገቷን ደፋ አድርጋ ዝይዋን ታያለች፤ እኛ የምናያት በጎን ነው። አንድ ቀን አቧራውን ስጠርግ ሁልጊዜ ያሰብኩትን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ምን አጥፍታ ነው?»

«ምን አጥፍታ ማለት?»

አስረዳኋቸው። በኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ያያል። ትንሽ ዘወር ቢልም እንኳ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ይሁዳ፣ ችንካሩን የሚመታው ወታደር፣ ሰይጣን፣ እነዚህ ግን በጎን ነው የሚሣሉት፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህንን ፊደል ሳንቆጥር እናውቀዋለን። እናቶቻችን አዝለውን ግድግዳው ሥር ሲቆሙ፣ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ ለመለየት ዓይኑን ማየት ይበቃን ነበር።

እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያው ሠዓሊው አያቴ መላ እንግሊዝን ገሃነም ከትተዋታላ!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቀልዳቸው ሆነ። የወንድማቸው ልጅ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሆኪ እያየ ሲቀመጥ «ዘወር በል እባክህ፣ ይህቺ ሴት አንድ ዓይንህን ብቻ ነው የምታየው» ይሉታል። እሱም ምን እንደሚሉ ሳይገባው ይዞራል።

ሥዕሉን የሠሩት የእናታቸው አባት ናቸው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ለንደን ውስጥ፣ ለመጻሕፍት ሥዕል መሣል ሥራቸው ነበር። ስለዚህ ሥራ እኔ አንድም ነገር አላውቅም ነበር። የማውቀውን ሁሉ የነገሩኝ እትዬ ናቸው፤ እሳቸውም ከአክስታቸው ነው የሰሙት። እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ ሥዕል ከፊደል ጋር አንድ ገጽ ላይ እንዲታተም ከተፈለገ እንጨት ላይ ይቀረጽ ነበር። እንጨቱ ቢጫና እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው፤ ዛፉ ግን ቀጭን ስለሆነ ሰፊ ገበታ አይወጣውም። ስለዚህ ትንንሽ ቁራጮችን ጎን ለጎን ገጥመው በብሎን ያሥሩታል። ሠዓሊው የእንጨቱን ፊት ነጭ ቀለም በስሱ ይቀቡና በእርሳስና በብሩሽ ይሥሉበታል፤ ሲታተም ስለሚገለበጥ ሁሉን ነገር ገልብጠው ነው የሚሥሉት። በቀኝ እጁ ጎራዴ የያዘ ንጉሥ እንጨቱ ላይ ግራኝ ነው። አያትየው ጠረጴዛቸው ላይ መስተዋት ያስቀምጡ ነበር፤ ትንሽ ይሥሉና ቀና ብለው መስተዋቱ ውስጥ ያዩታል።

ከዚያ ቀራጮቹ ይረከባሉ። ሥራው አስቸኳይ ከሆነ ብሎኑ ይፈታና ቁራጮቹ ለየሰዉ ይከፋፈላሉ፤ ሰማዩ ለአንዱ፣ ልብሱ ለሌላው። ፊት ያለበት ቁራጭ ግን ሁልጊዜ ለዋናው ባለሙያ ነው የሚሰጠው። ቀራጩ ነጭ መሆን ያለበትን በስል ብረት እየፈለፈለ ያወጣል፤ ሳይነካ የቀረው ጉብታ ቀለም ይቀበላል። ሥራው ሲያልቅ የሠዓሊው እርሳስ የለም። ከፍልፋዩ ጋር ወለል ላይ ወድቋል።

«ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥለው፣ በገዛ እጃቸው የሠሩት አንድም አልተረፈም» አሉኝ እትዬ።

«አይከፋቸውም ነበር?»

«የሚከፋቸው ቀራጩ አፍንጫ ሲያበላሽባቸው ብቻ ነው ትል ነበር አክስቴ። አንድ ጊዜ የአንዲት ልዕልት አፍንጫ ድንች አስመስሎባቸው፣ ሰውዬውን መንገድ ላይ ሲያዩት ይሻገሩ ነበር አሉ።»

ሲሥሉ ፊታቸው ቆሞ የሚታይላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሩቅ አይሄዱም፤ ቤት ያለውን ሰው ያቆማሉ። ፖስተኛው ንጉሥ ሆኗል። ሚስታቸው አንድ ጊዜ ንግሥት፣ አንድ ጊዜ ጠንቋይ ሆነዋል፤ «ለሁለቱም ያው ቀሚስ ነው» ይሉ ነበር አሉ። ልጆች ሲያስፈልጓቸው የገዛ ልጆቻቸው አሉ። ባለ ዝይዋ ልጅ የእትዬ እናት ናቸው። የመጽሐፉ ታሪክ ለገና ልትታረድ የተፈረደባትን ዝይ ስለደበቀች ልጅ ነው። አባትየው ልጃቸውን በርጩማ ላይ አቁመው ትራስ አሸከሟትና «ዝይሽን ሊወስዱብሽ ነው» አሏት። ልጅቷ ትራሱን እያየች የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸውም ከንፈሯን እንደነከሰች ሣሏት።

እትዬ እናታቸውን ብዙ አያውቋቸውም። ቤተሰቡ ከእንግሊዝ መጥቶ ከካልጋሪ ወጣ ብሎ እርሻ ጀመረ፤ እናታቸው ገና በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ሞቱ። የመጀመሪያ ቤታቸው በእሳት ስለጠፋ ፎቶግራፍ የሚባል አልተረፈም። በኋላ፣ እትዬ አድገው፣ አክስታቸው ከእንግሊዝ ሁለት ነገር ላኩላቸው፤ ያንን ገጽና ገጹ የታተመበትን እንጨት። እንጨቱ በአራት ቁራጭ ነው። ብሎኖቹ ላልተው ስለነበር እትዬ ቁራጮቹን በወፍራም የጨርቅ ከረጢት አድርገው በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ብሎኖቹ ለብቻ የሹራባቸው ኪስ ውስጥ ናቸው።

ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ግድግዳው ላይ ያለው ገጽ ባዶ ሆነባቸው። «ወረቀት ለጣት ምንም አይነግረውም» አሉ። እንጨቱ ግን ይነግራቸዋል። ከሰዓት በኋላ ቁራጮቹን ጉልበታቸው ላይ ይገጥሙና በጣታቸው ጫፍ ይሄዱበታል። መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ ላባውን፣ ከዚያ ክንዷን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድ ቀን የኔን ጣት ይዘው ወሰዱኝ። «ጉድጓዱ ነጭ ነው፣ ጉብታው ጥቁር ነው። ይኸው ግንባሯ። ቀስ በይ። አፍንጫ። አሁን ቁሚ። እዚህ ላይ ጠለቅ ያለች ቦታ አለች፣ ተሰማሽ? የነከሰችው ከንፈር ነው።» እኔ የተሰማኝ ሻካራ እንጨት ነው። ደጋግመው ካስኬዱኝ በኋላ ግን አገኘሁት፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ ናት። ቀና ስል እትዬ እንደ ልማዳቸው የታችኛውን ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር።

ባለፈው ዓመት በረዶው ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ተሰበሩና ብቻቸውን መኖር አይችሉም ተባለ። የወንድማቸው ልጅ ሎጅ ፈለገላቸው፣ ቤቱን ሸጠ፣ ዕቃውን ደግሞ ጋራዥ ሴል ለማውጣት አሰበ። ደግ ሰው ነው፤ ቸኩሎ ግን ነበር። «ለቤተ ክርስቲያንሽ ሰዎች ንገሪያቸው፣ ለማያውቀው ሰው ከሚሄድ ለነሱ በርካሽ ይሁን» አለኝ፤ ነገርኩ። «የስፌት መኪናው አይሸጥም» ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ አልተሸጠም።

ቅዳሜ ጠዋት በግንቦት መሃል በረዶ ጣለ፤ ካልጋሪ ነውና ማንም አልገረመውም። ከረጢቷን እትዬ ራሳቸው በእጃቸው ይዘው ሊወጡ ነበር የተስማማነው። የሎጁ መኪና ግን ከተባለው ሰዓት ቀድሞ መጣ፤ በረዶውን ሳይጠርጉ ዊልቸሩ አይወጣም ተባለ፤ አካፋ ፍለጋ፣ ብርድ ልብስ ፍለጋ ሲባል ከረጢቷ መሳቢያው ውስጥ ቀረች። እኔ ከእሳቸው ጋር ሄድኩ። የወንድማቸው ልጅ የስፌት መኪናውን ወደ ቤቱ ለመውሰድ ሲያነሳው ከበደው፤ ሸክሙን ለማቅለል መሳቢያዎቹን አራገፈ። ከረጢቷ ውስጥ የእንጨት ቁራጭ አየ። ልጅ ሆኖ እዚያ ቤት የሚጫወትበት የእንጨት ሳጥን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። የዚያ ቅሪት መሰለው፤ ከዚያው ጨመረው። ሳጥኑን የሕፃናቱ አስተማሪ ገዛችው።

እንግዲህ ያን እሑድ ከደረጃው ተነሥቼ ወደ አዳራሹ ጥግ ሄድኩ። ልጆቹ ሳጥኑን ገልብጠው ግንብ ይሠሩ ነበር። ተንበርክኬ መፈለግ ጀመርኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ «ኢት'ስ ማይን!» የኔ ነው ብላ ቀማችኝ፤ እጇ ላይ ያለው የዝይዋ ክንፍ ነበር። በብስኩት ለወጥኳት። መስኮቱን ከግንቡ ሥር አገኘሁት። ቀሚሱና በርጩማው ያለበትን አንዱ ልጅ በክራዮን አረንጓዴ ቀብቶታል። ፊቷ ያለበት ቁራጭ የለም። ሳጥኑን አራገፍኩ፣ ወንበሮቹን አነሣሁ፣ የልጆቹን ኪስ ሳይቀር አየሁ።

«አራት ነበሩ» አልኳት አስተማሪዋን። «ፊት ያለባት የታለች?»

«ውይ» አለች። «እሷንማ ለይተናታል።»

«ለይተናታል ማለት?»

«ቅዳሜ ከሰዓት ሳጥኑን አምጥቼ እዚሁ ሲንኩ ላይ ልናጥበው ገለበጥነው። አዳራሹን ሊያጸዱ የመጡት ሴቶች ሁሉ ነበሩ። እኔ ድስቶቼን መኪና ውስጥ ላስገባ ወጣሁ። ስመለስ ከብበው ቆመዋል። ጥቁር ፊት፣ ደግሞ ባለ አንድ ዓይን! አንዷ ታማትባለች፣ አንዷ 'ይሄ ከልጆች ጋር አይቀመጥም' ትላለች። እኔም ሳየው ደንገጥ አልኩ፤ አልዋሽሽም።»

ዕቃውን በቫን መኪናቸው ያመላለሱት አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ሻይ ይጠጡ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «እኔም አይቼዋለሁ» አሉ። «ይሄስ አገር የማይሸጠው የለም፣ ሰይጣንም ጋራዥ ሴል ወጣ ብያቸው ነበር።»

«ጋሼ፣ ይቀልዳሉ!» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፤ እነሱ ሲንቀጠቀጡ አንድ ሰው መሳቅ ነበረበት።»

«ታዲያ ማን ወሰደው?»

«አንዷ በፎጣ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ማን ናት እንዳትዪኝ። ነጠላ አጣፍታችሁ ስትሄዱ ከኋላ ሁላችሁም አንድ ናችሁ።»

ያላየሁትን አልናገርም፤ ማንንም አልጠረጥርም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ቅዳሜ ነበሩ የተባሉትን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዷ «እኔ ወለል እየጠረግሁ ነበር» አለችኝ። ሌላዋ «ተቀብሯል ሲሉ ሰማሁ» አለች፤ ማን እንዳለ ግን አታውቅም። አንዲት እናት ደግሞ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ግን ለምን ፈለግሽው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እንጨቱን ብቻ ሳይሆን እኔንም መፍራት ተጀምሯል።

ወደ አባ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ የታተመውንም ገጽ ከነመስተዋቱ ወስጄ አሳየኋቸው። የእትዬ ወንድም ልጅ ሰጥቶኝ ነበር። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ተጠግተው አዩትና «ምስኪን፣ ልታለቅስ ነው እኮ» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ። «የኛ ሠዓሊዎች ኃጢአተኛን በአንድ ዓይን የሚሥሉት እኛን ለማስተማር ነው» አሉ። «የራሳችን ሥርዓት ነው፣ ጥሩ ነው። ግን በሌላ ሰው አገር ሥዕል ላይ አይሠራም። ዛሬ ስትመለሱ ሲ-ትሬን ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው እዩት፤ አንድ ዓይኑ ነው የሚታያችሁ። ኃጢአተኛ ነው? እሱም እናንተን ሲያይ አንድ ዓይን ነው የሚያየው። እባካችሁ የሰው ዕቃ ነውና ያላችሁ መልሱ።» ሕዝቡ ሳቀ። ጋሼ ከኋላ «አባ፣ እኔን በየትኛውም በኩል ቢያዩኝ ያው ነኝ» አሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ማንም አልመጣም።

ሦስቱን ቁራጭ ሰኞውኑ፣ ቃል በገባሁበት ቀን፣ ለእትዬ ወስጄላቸው ነበር። ክራዮኑን በዘይት ጠርጌ አስለቅቄያለሁ። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ባለ አንድ ዓይን ስለሆነች?» አሉና መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን እንደ ድሮው አልሄደላቸውም። ቁራጮቹን ጉልበታቸው ላይ ገጠሙ። ጣታቸው በመስኮቱ ሄደ፣ በላባው ሄደ፣ በክንዷ ወደ ላይ ወጣ፣ ከእንጨቱ ጠርዝ ላይ ወርዶ የገዛ ቀሚሳቸው ላይ አረፈ። እንደገና ከታች ጀመሩ። እንደገና እዚያው ወረደ።

«አንገቷ ድረስ አለች» አሉኝ።

አሁንም በሄድኩ ቁጥር አይጠይቁኝም፤ ኮቴን ሳወልቅ ያዳምጣሉ፣ ከኪሴ የሚወጣ ነገር እንዳለ። ከዚያ «በረዶው ቆመ?» ይሉኛል። የወንድማቸው ልጅ ያልተሸጠውን ካርቶን ሁሉ ገልብጦ አይቷል። አንድ ቀን ሌላ ሰው ሥዕሉን አይቶ እንደገና ቢቀርጸውስ ብዬ ጠየቅኋቸው። አሰቡበት። «ያኛው ቀራጭ አያቴን ያውቃቸው ነበር» አሉ። «እሷ ከንፈሯን የነከሰችበትን መስመር የተከተለው የአያቴን እርሳስ አይቶ ነው። የሚመጣው ሰው ወረቀቱን ነው የሚያየው።» ደግሜ አላነሣሁትም።

ጤናቸው አሁን እንደ ድሮው አይደለም። ክረምቱን መውጣታቸውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ግን ሲደክሙ ስለማያቸው ነው ይህን የምጽፈው።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሲንኩ አጠገብ የነበራችሁ እህቶቼና እናቶቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቁራጩ ከመዳፍ ያንሳል፣ ለመጠኑ ግን ከባድ ነው። አንድ ፊቱ ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱ የድሮ የማተሚያ ቀለም ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ጎኑና ጎኑ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው። የተቀረጸችው ሰባት ስምንት ዓመት የሆናት ሕፃን ናት፤ ወደ ታች የምታየው የያዘችው ዝይ እንዳይታረድባት ፈርታ ነው። የለያችኋት ለልጆቻችን ብላችሁ ነው፤ እኔም መጀመሪያ ያየኋት ቀን እንደናንተው ነበር ያሰብኩት።

ከቀበራችኋት ቦታውን ንገሩኝ፣ እኔ እቆፍራለሁ። ካቃጠላችኋትም ንገሩኝ፤ እትዬ ኮቴን ከማዳመጥ ይገላገላሉ። ምናልባት ግን ለመጣልም ለማስቀመጥም ፈርታችሁ አሁንም ከነፎጣው መሳቢያ ውስጥ ካለች፣ ማን እንዳመጣት አልጠይቅም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ከስኳሩ ጣሳ ጀርባ አስቀምጡልኝ። ፊቷን ማየት የሚከብዳችሁ ከሆነ ደፍታችሁ አስቀምጧት። ብሎኖቹ እትዬ ኪስ ውስጥ ናቸው።